አዲሱ ታብ የት ይከፈታል

ዛሬ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ወጣት ተርሚናሉን ከፍቶ ከፎልደር ወደ ፎልደር ሲወርድ ይቆይና፣ ሥራው መሀል ላይ ሌላ ታብ ሲያስፈልገው ሁለት ቁልፍ ይጫናል። አዲሱ ታብ እዚያው ሲሠራበት በነበረው ፎልደር ውስጥ ይከፈትለታል። ተመስገን አይልም። ለምን ይበል? ዓይኑን ሲገልጥ ያገኘው ነገር ነው። የኛ ዘመን ሰው ግን ይህን ባየ ቁጥር ቅናት ቢጤ ሽው ይልበታል። አዲስ መስኮት በከፈትን ቁጥር ሀ ብለን የጀመርንባቸው ሌሊቶች አሉና።

ለማያውቀው ነገሩ እንዲህ ነው። ተርሚናል ማለት ማውስ ሳይነኩ፣ ትእዛዝ በፊደል እየጻፉ ኮምፒውተሩን የሚያሠሩበት መስኮት ነው። በዚያ መስኮት ውስጥ ሲሆኑ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ፎልደር ውስጥ ነዎት። ዘርዝር ቢሉ የዚያን ፎልደር ፋይሎች ይዘረዝራል፤ አጥፋ ቢሉ የዚያን ያጠፋል። ቦታ መቀየር ሲፈልጉ «ሲዲ» ብለው መንገዱን ይጽፋሉ። የት እንዳሉ ሲጠፋብዎት «ፒ ደብሊው ዲ» ብለው ይጠይቃሉ፤ ማሽኑም ሙሉ አድራሻዎን ከሥሩ ጀምሮ ቁጭ ያደርግልዎታል።

እኔ ይህን የተማርኩት ዴንቨር ዳውንታውን ጥግ ላይ ባለው በአውራሪያ ካምፓስ ነው። ጊዜው በ2002 ግድም ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እዚህ አገር የኖረ ሰው ሁለቱን ሲያደባልቅ መገኘቱ አይቀርምና አንዱን መያዝ ይሻላል። አውራሪያ የዴንቨር ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ያኔ ሜትሮፖሊታን ኮሌጅ ይባል የነበረውና የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የዴንቨር ቅርንጫፍ አንድ ግቢና አንድ ላይብረሪ ተጋርተው የሚኖሩበት ሰፊ ቦታ ነው። አበሻው ቀን ተምሮ ማታ ይሠራል፣ ወይ ቀን ሠርቶ ማታ ይማራል። ሥራውም የታወቀ ነው፦ ታክሲ፣ ኤርፖርት፣ ሆቴል፣ ነዳጅ ማደያ፣ ፓርኪንግ። እኔ ፓርኪንግ ነበርኩ።

የፓርኪንግ ቡዝ የምትባለዋ ነገር አንድ ወንበር፣ አንድ የገንዘብ መሳቢያና እግር ሥር የምትቀመጥ አንዲት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የምትይዝ የመስተዋት ሳጥን ናት። መስኮቷን ገንዘብ ለመቀበል በከፈቱ ቁጥር የኮሎራዶ ብርድ ገብቶ ማሞቂያዋ የሠራችውን ይዞባት ይሄዳል። ኩርስ ፊልድ ላይ የሮኪስ ጨዋታ ያለ ዕለት መኪናው እንደ ጉድ ይገባል፤ ከዚያ ቤዝቦሉ እስኪያልቅ ድረስ ሰው የሚባል ዝር አይልም። የማጠናው ያን ጊዜ ነው። ደብተሬ ላይ ከትእዛዞቹ ይልቅ የበዛው መንገድ ነበር። ስላሽ ሆም፣ ስላሽ የተማሪው መለያ፣ ስላሽ የትምህርቱ ቁጥር፣ ስላሽ የቤት ሥራው። ካፒታል ሌተሩን በቀይ ቀለም ነበር የምጽፈው፤ ዩኒክስ ትልቁን ፊደልና ትንሹን ፊደል እንደ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ነውና የሚያያቸው። በቃሌ ካልያዝኩት ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ገብቼ እጄ እንደሚታሰር አውቃለሁ።

ለምን መሰላችሁ? ላቡ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ ናቸው፤ የምንማርበት ሰርቨር ዩኒክስ ነው። ሁለቱን የምታገናኘው ፑቲ የምትባል ሳይመን ታተም የሚባል እንግሊዛዊ ሠርቶ በነጻ የለቀቃት ትንሽ ፕሮግራም ነበረች። ፑቲ ታብ የላትም። ያኔም አልነበራትም፣ ዛሬም የላትም። ሁለተኛ መስኮት ያስፈለገው ሰው እንደገና ይገባል፤ የተጠቃሚ ስም፣ ፓስወርድ፣ ከዚያ ጥቁር መስኮትና አንዲት የዶላር ምልክት። ያለበት ቦታ ሆም ነው፣ የመጀመሪያው ደጃፍ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ደግሞ በአንድ መስኮት አይሠራም። በአንዱ ይጽፋል፣ በሁለተኛው ይሞክራል፣ በሦስተኛው ማሽኑ የሚያወጣውን ስሞታ ያነባል። ሦስቱም ጋ መንገዱን ሙሉውን መጻፍ ነው። አንዱ ቢዘጋ ደግሞ እንደገና። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ማለት ይህ ነው። የዶላር ምልክቷም ዝም ብላ ነው የምታይህ፤ እንደ ዛሬው የፎልደሩን ስም ከፊቷ ለጥፋ አትጠብቅህም። የት እንዳለህ ማወቅ ያንተ ፋንታ ነው።

አስተማሪያችን ሸምገል ያለ ፈረንጅ ነበር። ትእዛዞቹን ከሚያስተምረን ይልቅ ታሪካቸውን ያጫወተን ይበልጣል። ከነገረን ሁሉ ያልረሳሁት ስለ ቦታ መቀየሪያዋ ትእዛዝ ነው፤ ኋላ ላይ ዴኒስ ሪቺ ስለ ዩኒክስ አነሳስ በ1979 ባቀረበው ጽሑፍ ላይ ራሱ ሲያወራው አንብቤዋለሁ። ኬን ቶምሰንና ጓደኞቹ በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ፣ ፒዲፒ 7 በሚባል ያኔም ዘመኑ ባለፈበት ማሽን ላይ ዩኒክስን ሲጀምሩ ለእያንዳንዱ ተርሚናል አንድ ፕሮሰስ፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለ አንድ ፕሮግራም፣ ብቻ ነበረው። ቦታ ቀይር ሲሉት ያ አንዱ ይቀይራል፣ አበቃ። ቆይተው «ፎርክ» የሚሉትን ዘዴ አመጡ። በፎርክ አንድ ፕሮሰስ ሌላ ፕሮሰስ ይወልዳል፤ ወላጅና ልጅ የሚለው አጠራር የራሳቸው ነው፣ እኔ አልጨመርኩትም። ትእዛዝ በጻፍክ ቁጥር ሼሉ፣ ማለትም ትእዛዝህን ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም፣ ልጅ ይወልዳል፣ ልጁ ትእዛዙን ይፈጽምና ይሞታል።

ደስታቸው ሳይበርድ ታዲያ ጉድ ፈላ። ቦታ መቀየሪያዋ ትእዛዝ ሥራ አቆመች። ኮዱን ቢያነቡ፣ ቢያገላብጡ ስህተት አጡበት። ነገሩ የተገለጠላቸው በመጨረሻ ነው፦ ትእዛዟ ሥራዋን በትክክል ትሠራለች፣ ግን ቦታ የሚቀይረው ልጁ ነው። ልጁ ቦታውን ይቀይርና ወዲያው ይሞታል፤ ወላጁ ሼል ካለበት ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ያቺን ትእዛዝ ለይተው ሼሉ ልጅ ሳይወልድ ራሱ እንዲፈጽማት አደረጉ። ዛሬ በየላፕቶፓችን የምንጽፋት «ሲዲ» እስካሁን እንደዚያው ናት።

ሕጉም አልተለወጠም። ልጅ ሲወለድ ወላጁ የቆመበትን ቦታ ይወርሳል። ከዚያ በኋላ ልጁ የትም ቢሄድ ወላጁን ይዞት አይሄድም፣ ወላጁም ቢሄድ ልጁን አያስከትልም።

ይህን ስሰማ ገና ልጅ አልነበረኝም። ዛሬ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ የዴንቨር ጎረቤት በሆነችው ኦሮራ ውስጥ ቡና ላይ ስንሰበሰብ ያ የሪቺ ጨዋታ ትዝ ይለኛል። ልጆቻችን ሲወለዱ እኛ የቆምንበትን ወረሱ፦ ሃቫና ጎዳናን፣ ኢስት ኮልፋክስን፣ እንጀራ የምንገዛበትን ሱቅ። ከዚያ በየራሳቸው ሄዱ። ከእኛ ከወላጆቹ ግን ከ1990ዎቹ አዲስ አበባ ንቅንቅ ያላልን አለን። ዘንድሮ አገር ቤት ሊሄድ ለተነሳ ወጣት መንገድ ስንጠቁም በፈረሱ ሰፈሮች በኩል ነው የምንወስደው፤ «ከዚያች ከጥግ ካለችው ሱቅ ወደ ግራ» እንላለን፣ ሱቋም ጥጉም የሉም። ልጆቹ ስልካቸውን አውጥተው ካርታውን ያዩና ቀና ብለው እኛን ያያሉ። ምንም አይሉም፣ ጨዋዎች ናቸው። ይህን ግን እዚህ ላይ ልተወው፤ የተነሳሁት ስለ ታብ ነው።

የታቡ ችግርም ከዚሁ ሕግ የመጣ ነው። አዲስ ታብ የሚወልደው ሼሉ ሳይሆን መስኮቱን የሚያሳየው ፕሮግራም፣ ተርሚናሉ ነው። ሼሉ የተርሚናሉ ልጅ ነው። ልጁ ከፎልደር ፎልደር ሲዞር ይውላል፤ ተርሚናሉ ከተነሳበት ቦታ፣ ብዙ ጊዜም ከሆም ፎልደር፣ አይነቃነቅም። ሁለተኛ ልጅ ሲወልድ ያ ልጅ የሚወርሰው የወላጁን ቦታ ነው፤ ወንድሙ የት እንደደረሰ አያውቅም። ያኔ አዲስ መስኮት ሁሉ ሆም ላይ ሲጥለን ማንም አልበደለንም ማለት ነው። ተርሚናሉ የበኩር ልጁን ቦታ ለሁለተኛው ለመስጠት በመጀመሪያ በኩሩ የት እንዳለ ማወቅ አለበት። ታብ ያላቸው ተርሚናሎች እየበዙ ሲመጡ ለዚህ ሁለት መላ ተገኘ።

አንዱ ስለላ ነው። ሊኑክስ «ፕሮክ» በሚባል ፎልደር ውስጥ እያንዳንዱ ፕሮሰስ በዚያች ሰዓት የት እንዳለ ያሳያል፤ ተርሚናሉ እዚያ ገብቶ አጮልቆ ያያል። የሊኑክስ ተጠቃሚዎች በዚህ ብዙ ጊዜ ኖረናል፣ እኔም ከፑቲ ተላቅቄ የራሴ ሊኑክስ ያለው ላፕቶፕ ሲኖረኝ መጀመሪያ የገረመኝ ይህ ነው። ታብ ከፈትኩ፤ እዚያው ነኝ። ስለላ ግን ጉድለት አለው። በኤስኤስኤች ሌላ ሰርቨር ውስጥ የገባ ሰው እዚያ የት እንዳለ ከዚህ ሆኖ አይታይም። በአቋራጭ ሊንክ የተገባበትን ፎልደርም በአቋራጩ ስም አያውቀውም፣ በረጅሙ እውነተኛ አድራሻው ነው የሚጠራው።

ሁለተኛው መላ ሼሉ ራሱ እንዲናገር ማድረግ ነው። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባል የለ? ሼሉ አዲስ ትእዛዝ ለመቀበል በተዘጋጀ ቁጥር ለዓይን የማይታይ አጭር መልእክት ለተርሚናሉ ይልካል፤ «እዚህ ማሽን ላይ፣ እዚህ ፎልደር ውስጥ ነኝ» የሚል። በ1978 የወጣው ቪቲ 100 የተባለው ተርሚናል ጠቋሚውን በስክሪኑ ላይ ያንቀሳቅስበት የነበረው ዓይነት የተደበቀ ቁምፊ ነው የሚጠቀመው፤ መለያ ቁጥሩ ሰባት ስለሆነ ባለሙያዎቹ ኦኤስሲ 7 ይሉታል። የማሽኑ ስም አብሮ መላኩ ብልሃት አለበት፤ ተርሚናሉ ስሙን አይቶ የሌላ ማሽን አድራሻ ከሆነ ይተወዋል። አፕል ይህን በ2011 ላየን በተባለው የማክ ሲስተሙ አስገባው። ዊንዶውስ ታብ ያለው የራሱን አዲስ ተርሚናል ይዞ ለመቅረብ እስከ 2019 ቆይቷል፤ እሱም ሌላ ቁጥር ነው የመረጠው፣ ምክንያቱን ማይክሮሶፍት ያውቃል።

በ2013 ገደማ በሊኑክስ ላይ የሚሠራው ግኖም ተርሚናልም ስለላውን ትቶ ወደ ሁለተኛው መላ ዞረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሆነውም ያኔ ነው። መልእክቱን የምትልከው ቪቲኢ የምትባል ትንሽ ስክሪፕት ናት። ሼሉ ያቺን ስክሪፕት የማያነብለት ሰው፣ በተለይ ዚ ሼል ተጠቃሚ፣ ማታ ሲስተሙን አድሶ ተኝቶ ጠዋት ሲነሳ አዲሱ ታብ ሆም ላይ ይጥለው ጀመር።

ያኔ የምሠራው ዳውንታውን፣ ከ15ኛ መንገድና ከቻምፓ ጥግ ሳይርቅ ነበር። ጥጉ ላይ በ1910 የተሠራው የዴንቨር ጋዝና ኤሌክትሪክ ህንጻ ቆሟል። ባለቤቶቹ ሕዝቡ የመብራትን ጥቅም እንዲያይ ብለው ከላይ እስከ ታች 13 ሺህ አምፖል ሰክተውበታል። ዛሬ ውስጡ ደግሞ የስልክና የኢንተርኔት ኩባንያዎች መስመራቸውን የሚያገናኙበት የኬብል ጫካ ነው፤ አላፊ አግዳሚው አምፖሉን ፎቶ ያነሳል እንጂ ይህን አያውቅም። እኛ በሌሊት ፈረቃ ሰርቨር እየጠበቅን የምናድር አበሾች በየዕረፍቱ እዚያ ሥር ነበር የምንቆመው። አንድ ከጎንደር የመጣ ጓደኛችን ያን ሰሞን ኮምፒውተሩን አድሶ ገባና ታብ ቢከፍት ሆም፣ ቢከፍት ሆም። «ማነው ጃል ሳልሞት ቤቴን የቀየረው?» አለ። መፍትሔው በሼሉ ቅንብር ፋይል ላይ ያቺን ስክሪፕት አንብብ የምትል አንዲት መስመር መጨመር ነበር። ጨመርንለት። እስኪነጋ ሲራገም አደረ እንጂ አላመሰገነም፤ የነበረውን አጥቶ መልሶ ያገኘ ሰው አያመሰግንም። በዓመቱ በ2014 ደግሞ በአንድ ተርሚናል ውስጥ ብዙ መስኮት የሚከፍተው ቲመክስ የተባለ ፕሮግራም በ1.9 እትሙ እንዲሁ አደረገ፤ የድሮውን ቅንብር አውጥቶ ጣለውና አዲስ መስኮት የያዘውን ፎልደር እንዲቀጥል የሚፈልግ ሰው በራሱ ይጻፍ አለ።

የኛ ብቻ የሆነ ጣጣም ነበረ። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ፎልደርን በአማርኛ መሰየም ተችሏል፤ የማኅበራችንን ወረቀቶች እንደዚያ ነበር የምናስቀምጠው። ኦኤስሲ 7 ግን አድራሻውን የሚልከው በድረ ገጽ አድራሻ አጻጻፍ ነው። «ሰነድ» የምትለዋ ሦስት ፊደል በዩቲኤፍ 8 ዘጠኝ ባይት ናት፤ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት ቁምፊ ሲተካ 27 ቁምፊ ትሆናለች። ይህን ልወጣ የዘነጋ፣ ከዚህም ከዚያም ተቀድቶ የተለጠፈ ስክሪፕት የእንግሊዝኛ ስም ባለው ፎልደር ደህና ሠርቶ አማርኛው ላይ ሊሰናከል ይችላል፤ ባለቤቱም ተርሚናሉን ይረግማል። መንገዱን በእጅ እጽፋለሁ ቢሉም ሌላ ፈተና አለ። አንዱ «ማኅበር» ብሎ የከፈተውን ፎልደር ሌላው «ማህበር» ብሎ ሲፈልገው ማሽኑ እንዲህ ያለ ነገር የለም ይላል። ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለማሽኑ ሁለት። አዲስ ታብ ቦታውን ሲወርስ የሚተርፈን የዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ ነው። አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ ነገር ከማንም ይልቅ በረከት ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

እና ዘንድሮ? ዘንድሮ አጠገቤ የምትሠራ ልጅ አለች፣ ኦሮራ የተወለደች። ስክሪኗ ላይ የታቡ ብዛት ስማቸው እስከማይነበብ ድረስ ነው፤ ሁሉም አንዱ ከሌላው የወረሱ። አንድ ቀን ነገር ተበላሽቶባት ጠራችኝና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«አሁን የት ነሽ?» አልኳት።

«እዚሁ ታብ ላይ» አለችኝ።

«ፎልደሩን ነው የምጠይቅሽ።»

ትንሽ አሰበች። «የበፊቱ ታብ የነበረበት።»

«የበፊቱስ የት ነበር?»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ሳቃችን አንድ ዓይነት አልነበረም። ቆየት ብላ እሷም መለሰችልኝ፤ «ጋሼ፣ እርስዎ ግን በየታቡ ፒ ደብሊው ዲ ብለው የሚጽፉት ለምንድን ነው? ከላይ ተጽፎልዎታል እኮ።» ቀና ብዬ ባየው እውነቷን ነው፤ ሙሉ አድራሻው በመስኮቱ አናት ላይ በትልቁ ተጽፏል። ስንት ዓመት ሲጻፍልኝ እንደኖረ እንጃ። ኦሮራ ተወልዳ «እርስዎ» ማለትን ያስተማሯት ወላጆቿ ይመስገኑ፤ በ«አንተ» ቢሆን የባሰ ያመኝ ነበር።

ይሁንና የሷም አነጋገር የሚያሰጋ ነገር አለበት። ታቡ ቦታ የሚወርሰው በሚከፈትበት ቅጽበት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ በየፊናው ይሄዳል፤ አንዱ ሌላ ሰርቨር ውስጥ ይገባል፣ አንዱ ወደ ላይ ይወጣል። መልካቸው ግን አንድ ነው። ጊትላብ በተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ የደረሰውን ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ሌሊት አንድ ደክሞት የነበረ መሐንዲስ በሁለተኛው የዳታቤዝ ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የማጥፊያ ትእዛዝ ሰጠ። የነበረው ግን ዋናው ሰርቨር ላይ ነው። በሰከንዶች ውስጥ ነቅቶ አስቆመው፤ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ያህል ነበር። የስድስት ሰዓት ያህል ሥራ ጠፋ። ኩባንያው ከዚያ በኋላ አስተካክላለሁ ብሎ ከዘረዘራቸው ነገሮች አንዱ የትእዛዝ መጠበቂያው ምልክት የትኛው ሰርቨር ላይ እንዳሉ በግልጽ እንዲያሳይ ማድረግ ነበር። እኛ በዚያች ዲዳ የዶላር ምልክት የተሰቃየነውን ለአንድ አፍታ አስታወሰኝ።

ድሮ ይሻል ነበር እያልኩ አይደለም። አይሻልም ነበር። መንገድ በቃል መሸምደድ ሰውን አያስተምርም፤ ጣት ያደክማል፣ ጊዜ ይበላል። የኛ ጥቅማችን ሌላ ነበር። አዲስ መስኮት ሁሉ ሆም ላይ ሲጥለን፣ ሆም ላይ መሆናችንን እናውቅ ነበር።

ዳውንታውኑም ቢሆን ያኔ ያወቅነው አይደለም። አይ ኤም ፔይና ባልደረቦቹ የነደፉት፣ በ1982 የተከፈተው የ16ኛ መንገድ ሞል ከ2022 ጀምሮ ታርሶ ከርሞ በ2025 ታድሶ ወጣ፤ «ሞል» የሚለውም ቀርቶ 16ኛ መንገድ ብቻ ሆነ። ወደ ኦሮራ በ15 ቁጥር አውቶቡስ የምንመላለስበት ኮልፋክስ ለፈጣን አውቶቡስ መስመር ተብሎ ከ2024 ጀምሮ መሀሉ ተቆፍሯል። የፓርኪንግ ቡዞቹ ጠፍተው ካሜራ ታርጋ ያነባል፣ ስልክ ይከፍላል፤ ማሞቂያዋ እግር ሥር ተቀምጦ የሚያጠና አበሻ የለም። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ አንድ ማይል፣ 1609 ሜትር ላይ ነኝ እያለች ትኮራለች፤ ከ2300 ሜትር ለወረድነው ለኛ የሚያስፎክር ባይሆንም። አንድ ማይሉ ትክክል የት ላይ እንደሆነ የሚያሳየው ምልክት የኮሎራዶ ምክር ቤት በሆነው በካፒቶሉ ህንጻ ደረጃ ላይ ነው፣ እሱም ሦስት ነው። መጀመሪያ 15ኛው ደረጃ ተባለ፤ በ1969 ተለክቶ 18ኛው ሆነ፤ በ2003 የሜትሮፖሊታን ኮሌጅ ተማሪዎች፣ እኔ ከምማርበት ከዚያው ግቢ ወጥተው፣ ቢለኩት 13ኛው ሆኖ ተገኘ። ሦስቱም ምልክት ዛሬም እዚያው አለ፤ አንዱም አልተነሳም።

እንግዲህ ለወጣቶቹ የምለው ይህን ነው። ማክ ካላችሁ በተርሚናሉ ቅንብር ውስጥ አዲስ ታብ በያዘው ፎልደር ይከፈት የሚለውን ምረጡ። ግኖም ተርሚናል ላይ ታቡ ሆም ላይ ከጣላችሁ የቪቲኢ ስክሪፕት በሼላችሁ መነበቡን እዩ። ቲመክስ ከሆነ ለአዲስ መስኮት የወቅቱን ፎልደር የምትሰጠውን መስመር ቅንብር ፋይሉ ላይ ጻፉ። የሰርቨሩ ታብ ከላፕቶፑ ታብ በቀለም እንዲለይ አድርጉ። የማጥፊያ ትእዛዝ ልትጽፉ ስትሉ ደግሞ፣ አድራሻው ከላይ ተጽፎም ቢሆን፣ መጀመሪያ ፒ ደብሊው ዲ በሉልኝ። ሽማግሌው ነገረን ብላችሁ ሳቁ፣ ግን ጻፏት። ሦስት ፊደል ናት።